ላፕቶፕ ስትገዙ የስንት ዓመት ዋራንቲ ትገዛላችሁ? ደብረ ማርቆስ ሆኜ የወሰንኩት

ምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፣ ለሱቆችና ለትናንሽ ድርጅቶች መዝገብ እይዛለሁ፣ ስለዚህ ላፕቶፕ ማለት ለኔ እንጀራዬ ነው። ጥር 2017 ላይ አዲስ ገዛሁና ከራሱ ከላፕቶፑ ዋጋ በላይ ያስጨነቀኝ ዋራንቲው ነበር፣ ስንት ዓመት ልግዛ፣ ከየት ልግዛ፣ ጨምሬ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ እያልኩ ሁለት ሳምንት ተብሰልስያለሁ። አሁን ስምንት ወር ስለሞላኝና ዋራንቲውንም አንዴ ስለተጠቀምኩበት ያየሁትን ልንገራችሁ። የላፕቶፑንም የሱቆቹንም ስም አልጠራም፣ ማወራው ስለ ዋስትናው ነው።

መጀመሪያ ለምን እንዲህ እንደተጨነቅኩ ልናገር። የድሮው ላፕቶፔ ከአዲስ አበባ ነበር የተገዛው፣ የ1 ዓመት ዋስትና ነበረው። ሐምሌ 2016 ዝናብ እየዘነበ፣ እየነጎደ፣ መብራት ሄደ፣ እኔ ቻርጀሩን ሳልነቅል ቁጭ ብዬ በባትሪ ስሠራ መብራቱ ሲመለስ አንድ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ በቃ ጠፋ። ዋስትናው ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር። ሐምሌ ደግሞ ለኛ ምን ማለት እንደሆነ የሥራ ባልደረቦቼ ታውቃላችሁ፣ የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች (ትንንሾቹ ነጋዴዎች) መክፈያ ጊዜ ያኔ ሐምሌ 30 ነበር ሚያበቃው፣ ሰዉ ሁሉ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ በር ላይ ቆሟል። አዲስ አበባ ለመላክ መንገዱ እንደልብ የሚኬድበት ሰሞን አልነበረም፣ ሰው ተለምኖ፣ ቀን ተጠብቆ፣ አባይ በረሃን ተሻግሮ ደረሰ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ፣ ችግሩ ከኤሌክትሪክ ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍንም። ይኸው ነው። ግብሩን በእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ሌሊት ሌሊት ነው የጨረስኩት።

ላፕቶፑ ሲመለስ እዚሁ ማርቆስ አንድ ጠጋኝ ልጅ ጋ ወሰድኩት። ፈትቶ፣ ማጉያ ያለው መብራቱን አውርዶ አሳየኝ፣ ቻርጀሩ ሚሰካበት አጠገብ የጤፍ ፍሬ ምታክል ነገር ጠቁራለች፣ ዙሪያዋን ቦርዱ ቡኒ ሆኗል፣ አፍንጫዬን ጠጋ ሳደርግ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። «ይቺ ናት፣ መብራት ሲመለስ በአንዴ ከፍ ብሎ ሲገባ ነው» አለኝ። ያቺን ነጥብ ካየሁ በኋላ ነው ዋራንቲ የሚባለውን ነገር በዓመት ቁጥር መለካት ያቆምኩት።

እና ጥር ላይ ሦስት አማራጭ ነበረኝ፣ ያው አንድ ዓይነት ላፕቶፕ። እዚህ ማርቆስ 92 ሺህ ብር፣ ሦስት ወር «የሰርቪስ ዋራንቲ»። ባሕር ዳር 91 ሺህ፣ አንድ ዓመት ከነመለዋወጫው። አዲስ አበባ 88 ሺህ፣ አንድ ዓመት፣ 14 ሺህ ብር ከጨመርሽ ሦስት ዓመት ይሆናል ተባልኩ።

የማርቆሱ ቶሎ ነው የወደቀብኝ። የሰርቪስ ዋራንቲ ማለት የእጅ ዋጋ አንጠይቅሽም፣ ዕቃውን ግን አንቺ ትገዣለሽ ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ ነው «ዋራንቲ አለው» ተብሎ ደስ ብሎት ሚሄደው። ሲሰበር ዋናው ወጪ ዕቃው እንጂ እጁ አይደለም። ስትገዙ «መለዋወጫም ይጨምራል ወይስ እጅ ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በወረቀት አጽፉት።

ያታገለኝ የአዲስ አበባው ነው። ሦስት ዓመት ሲባል ልብ ይሞላል፣ ወንድሜም «ክፈይና ተገላገይ» ብሎኝ ነበር። የዋስትናውን ወረቀት በቴሌግራም ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ አልኳቸው፣ ላኩልኝ፣ በስልኬ እያጎላሁ አንድ በአንድ አነበብኩት። የማይሸፍነው፦ በኤሌክትሪክ መዋዠቅ የመጣ ጉዳት፣ ፈሳሽ የፈሰሰበት፣ የወደቀ፣ የተሰነጠቀ ስክሪን፣ ማሸጊያ ስቲከሩ የተነሳ፣ እና ባትሪና ቻርጀር ከአንድ ዓመት በኋላ። እንግዲህ አስቡት፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት ላይ ላፕቶፕ ምን ይሆናል? ባትሪው ይደክማል፣ ቻርጀሩ ገመዱ ይላጣል፣ ሰው ቡና ይደፋበታል፣ ልጅ ይጥለዋል፣ መብራት ያቃጥለዋል። እነዚህ ሁሉ ከወጡ የቀረው ምንድነው፣ ፋን፣ ኪቦርድ፣ ማጠፊያ፣ እና በራሱ ጊዜ የሚሞት ማዘርቦርድ (ሁሉም ነገር ሚሰካበት ዋናው ቦርድ)። ለዚህ ነው 14 ሺው፣ የላፕቶፑ ዋጋ 16 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ማርቆስ ስጠይቅ ፋን ከነእጁ 2,500፣ ኪቦርድ 3 ሺህ ብር ነበር። ማዘርቦርድ ብቻ ነው እውነትም ከበድ ሚለው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ የፋብሪካ ስህተት ያለበት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ነው ሚታወቀው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት። ያኔ የተረፈ ከሆነ በኋላ ሚመጣው ማርጀት ነው፣ ማርጀትን ደግሞ ዋስትናው አይከፍልም። ስለዚህ ጥሩ አንደኛ ዓመት ከደካማ ሦስት ዓመት ይሻላል ብዬ ወሰንኩ።

ደግሞስ ርቀቱ? ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ባሕር ዳርም ብዙ አይቀርብም፣ 265 አካባቢ። ግን ባሕር ዳር በየሳምንቱ ሚመላለስ ዘመድ አለኝ፣ ሱቁን በአካል አውቀዋለሁ፣ ጠጋኛቸው እዛው ጓሮ ነው ሚሠራው። «ተበላሽቶ ባመጣው ስንት ቀን ይፈጃል?» ስለው ሻጩ «ዕቃው እጃችን ላይ ካለ በማግስቱ፣ ከሌለ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን እታለም፣ ከአሥር ቀን አይበልጥም» አለኝና ይቺኑ ከደረሰኙ ጀርባ ጽፎ ማኅተም አደረገበት። የአዲስ አበባዎቹን ይሄንኑ ስጠይቃቸው «እንደ ችግሩ ነው» ነበር መልሳቸው። ባሕር ዳር ገዛሁ።

ከ14 ሺው ያተረፍኩትን ምን አደረግኩበት? 4,800 ብር ስታብላይዘር ገዛሁ፣ ዲሌይ ያለው፣ ማለት መብራት ሲመለስ ወዲያው አያስገባም፣ ትንሽ ቆይቶ ሲረጋጋ ነው ሚለቀው። የላፕቶፕ ቻርጀር ጀርባውን ብታዩት ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ ስለዚህ መብራት ቢደክምም ብዙ አይጎዳውም፣ ሚገድለው በአንዴ ከፍ ብሎ ሚመጣው ነው። መብረቅ ሲሆን ግን ስታብላይዘርም ስላለ ተብሎ አይታመንም፣ እኔ ሰማይ ሲያጉረመርም ከግድግዳው ነው ምነቅለው። 7,500 ብር ደግሞ 1 ቴራ ሃርድዲስክ ገዛሁ፣ ምክንያቱም የትኛውም ዋራንቲ ፋይል አይመልስም፣ ማሽን ነው ሚመልሰው። የደንበኞቼ የዓመት መዝገብ ከጠፋ አዲስ ላፕቶፕ ቢሰጡኝም ምን ያደርግልኛል? ሁለቱ ሲደመሩ 12,300፣ ከዚያ ማራዘሚያ ያነሰ፣ ግን ወረቀቱ «አይሸፍንም» ያለውን ነው ሚሸፍኑልኝ።

አሁን ስለ አገልግሎቱ። ግንቦት ላይ ከኪቦርዱ በቀኝ በኩል ያሉት ቁጥሮች 7፣ 8 እና 9 መሥራት አቆሙ። ለሌላ ሰው ቀላል ይሆናል፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ግን እጅ እንደመታሰር ነው። ደወልኩ፣ ላኪው አሉኝ። ከመላኬ በፊት ፋይሌን በሙሉ ገለበጥኩ፣ ከሥሩ ያለውን ሲሪያል ቁጥርና ስቲከሩን ፎቶ አነሳሁ (ይሄን አትርሱ፣ የላካችሁት እንደተመለሰ ማረጋገጫችሁ እሱ ነው)፣ በዘመዴ ላክሁት። ኪቦርዱ ባሕር ዳር ስላልነበረ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ተጠበቀ፣ በዘጠነኛው ቀን ተሠርቶ እጄ ገባ፣ አንድ ብር አልከፈልኩም። ያልወደድኩት አንድ ነገር፣ በመሀል አምስት ቀን ሙሉ ማንም አልደወለልኝም፣ እኔ ነኝ ስደውል የነበረው፣ ደሞ አንዱ «ደርሷል» ሌላው «አልደረሰም» ይሉኝ ነበር። ሥራው የቆመበት ሰው አንዲት መልእክት ብትላክለት ትልቅ ነገር ነው። ቃላቸውን ግን ጠብቀዋል፣ ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ።

ክረምቱንም ተርፏል። ሐምሌና ነሐሴ መብራቱ በቀን ሦስት አራቴ እየሄደ ሲመለስ ስታብላይዘሩ ቀጭ ይልና ይቆያል፣ ከዚያ ይለቃል፣ ያቺን ቀጭታ በሰማሁ ቁጥር ልቤ እፎይ ይላል።

ከውጭ ዘመድ ሚልክላችሁ ደግሞ ሌላ ነው። የአምራቹ ዋስትና ብዙ ጊዜ ከተሸጠበት አገር ጋር የታሰረ ነው፣ ዓለም አቀፍ የሆነም አለ ያልሆነም አለ፣ እንደ ሞዴሉ ነው። አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ሲሪያሉን አስገብታችሁ በነፃ ማየት ይቻላል፣ ዴል ከሆነ ከሥሩ ሰርቪስ ታግ ሚባል 7 ፊደልና ቁጥር አለው፣ እሱን ብቻ ማስገባት ነው። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁም አድርጉት፣ ምክንያቱም ዕቃው በሌላ አገር ዞሮ ሲመጣ የአምራቹ ዓመት ቀድሞ መቁጠር ጀምሮ ግማሹ ያለቀበት ሊሆን ይችላል፣ ካርቶኑ ግን እንደታሸገ ነው። የኔው ሲታይ አራት ወር ሄዶበት ነበር፣ ስለዚህ የሱቁ ዋስትና ከገዛሁበት ቀን እንዲቆጠር ደረሰኙ ላይ ቀኑን አስጻፍኩ።

ደረሰኝ ያለ ክርክር ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ ትንሽ ልቀንስልሽ ሚል አይጠፋም፣ እንዳትስማሙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ብሎ እንዲጠይቅ መብት ይሰጣል፣ መቼና ከማን እንደገዛችሁ ማሳያ ከሌላችሁ ግን ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?

ሦስት ዓመቱን መግዛት ሚጠቅመው ሰው የለም አላልኩም። አዲስ አበባ ሚመላለስ፣ መኪና ውስጥ ይዞት ሚዞር፣ ወይ መውደቅና ፈሳሽን ጭምር ሚሸፍን ውል ያገኘ ሰው ቢከፍል አይቆጨውም፣ መደበኛው ዋስትና ያንን አይጨምርምና። ማዘርቦርዱ ተለይቶ ውድ የሆነ ለጌም ወይ ለቪዲዮ ሥራ ሚሆን ትልቅ ማሽን ሚገዛም እንደዛው። ለተማሪ፣ ለመምህር፣ እንደኔ ቢሮ ውስጥ አንድ ቦታ ለሚሠራ የማርቆስ፣ የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላም ሰው ግን ቅርብ ያለ ሱቅ፣ ከነመለዋወጫው ሙሉ አንድ ዓመት፣ የቀን ገደቡ የተጻፈ፣ በቃ።

የኔ ዋስትና ጥር 20 ያልቃል። ማጠፊያው በግራ በኩል ትንሽ ላላ ብሎብኛል፣ ሲከፈትም ሲጥ ይላል፣ ስለዚህ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ዘመዴ ሲሄድ ፋኑም እንዲጸዳ አብሬ እልከዋለሁ፣ ስልክ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ ማጠፊያውን አሁኑኑ ይዘዙት ብያለሁ።