ልደታ ያለችው ትንሽ የጠበቃ ቢሮ

ጣቴን የበላው የጣውላ መሰንጠቂያ ማሽን ነው። የግራ እጄ ሌባ ጣት፣ ከመሃል። አሠሪዬ የዛን ቀን ሐኪም ቤት አደረሰኝና "ተዘናግተህ ነው፣ ጥፋቱ ያንተ ነው" ብሎኝ ከዛ በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ። እኔም አምኜው ሁለት ወር ቤቴ ተቀመጥኩ።

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያለችውን ይቺን ቢሮ ያሳየኝ ጎረቤቴ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ናት፣ ሊፍት የለም። ጠበቃዋ ወረቀቴን ሳታይ "እስቲ እጅህን አሳየኝ ወንድሜ" አለችኝ። ከዛ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን፣ አዋጅ 1156/2011ን ገልጣ መስመር በመስመር አነበበችልኝ። ለካ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ካልጣሰ ወይም ሰክሮ ካልሠራ በቀር አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል! የሕክምናውም ወጪ በሱ ነው። ከሥራ ውጪ ስትሆን የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዛ በኋላ ያሉትን 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ታገኛለህ። ጉዳቱ ቋሚ ከሆነ ደግሞ መጠኑን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው የዳኝነት ክፍያም ከሠራተኛ አይጠየቅም፤ ይሄን ባውቅ ኖሮ ሁለት ወር ባልተቀመጥኩ።

ቅሬታዬ ወረፋው ነው፣ ሁለት ሰዓት ጠብቄያለሁ። ስልክም ቶሎ አይነሳም። ግን ደብዳቤዋ ለአሠሪዬ በደረሰ በሳምንቱ የሁለት ወር ደመወዜ ገባ። የጣቴ ካሳ ገና በክርክር ላይ ነው። የምትሄዱ ጠዋት ግቡ፣ የሕክምና ማስረጃና የደመወዝ ወረቀት ይዛችሁ።