የሞተሬን የኋላ ሞላ ለክቶ ላስተካከለልኝ የባሕር ዳር መካኒክ ምስጋና

በሥራዬ ምክንያት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገጠርና ወደ ፎገራ ሜዳ በሞተር ስለምመላለስ፣ የሞተሬ የኋላ ክፍል ከልኩ በላይ ዝቅ ማለቱ ሲያስቸግረኝ ቆይቷል። ጠጠር በበዛበት ኩርባ የፊት ጎማው መሬቱን በደንብ ስለማይጫን ሞተሩ ከመስመሩ ወደ ውጭ ይወጣብኛል፤ ማታ ደግሞ መብራቱ መንገዱን ትቶ የዛፍ ጫፍ ያበራል። ሾኩ፣ ማለትም ሞላው የተጠመጠመበት የኋላው ንዝረት መቀበያ፣ እንዲቀየር የመከሩኝ ብዙዎች ነበሩ። በአባይ ድልድይ አቅጣጫ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ የሚሠራ ወጣት መካኒክ ግን «ጋሼ፣ ሳይለካ ሾክ አይቀየርም» ብሎ ከትልቅ ወጪ አድኖኛልና በአደባባይ ላመሰግነው፣ ሞተር ለምትነዱም ልጠቁመው ወደድሁ።

ከመፍቻ በፊት ያነሳው ሜትር ነው። የኋላው ጎማ ከመሬት እንዲነሳ ሞተሩን በማቆሚያ ላይ አድርጎ፣ ከጎማው ፐርኖ (ከመሃል ዘንጉ) ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በፓራፋንጎው ላይ በጠመኔ እስካደረገው ምልክት ድረስ ያለውን ርቀት መዘገበ። ቀጥሎ ሞተሩ መሬት ላይ በራሱ ክብደት ብቻ ስንት እንደሚወርድ፣ በመጨረሻም ሄልሜቴንና ቦቲዬን አድርጌ፣ እግሮቼን መርገጫው ላይ አሳርፌ ስቀመጥበት ስንት እንደሚወርድ ለካ፤ እንዳልወድቅ ረዳቱ መሪውን ይዞልኝ ነበር። ጭቃ የያዘው መገጣጠሚያ ልኬቱን እንዳያሳስተው በየጊዜው ኋላውን ጫን አድርጎ ቀስ ብሎ እንዲመለስ ይለቀው ነበር።

እንደ እኔ ሞተር የኋላ ጎማው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ላይና ወደ ታች ለሚንቀሳቀስ፣ ነጂው ሲቀመጥበት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ባዶውን ሲቆም ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ተገቢ መሆኑን አስረዳኝ። የእኔው ግን ስቀመጥበት 12፣ የዕቃ ሣጥኔ ሲጨመር ከ14 በላይ ይወርድ ነበር። በሾኩ ጥርስ ላይ የደረቀውን የፎገራ ጥቁር ጭቃ በብሩሽና በነጭ ጋዝ ካጠበ በኋላ ቆላፊውን ዳዶ አላልቶ ሞላውን የሚጫነውን ማስተካከያ ጥቂት ዙር አጠበቀና እንደገና ለካ፤ ስቀመጥበት 10፣ ባዶውን 3.5 ሆነ።

ሙያውን ያየሁት ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ሲያብራራልኝ ነው። ነጂው ሲቀመጥ 10 እንዲሆን ሞላው በጣም ከተጠበቀና ሞተሩ ባዶውን እምብዛም የማይወርድ ከሆነ ሞላው ለዚያ ሰው ደካማ ነው፤ ባዶውን አብዝቶ የሚወርድ ከሆነ ግን ሞላው ለእርሱ ጠንካራ ነው፤ ጠንካራ ሞላ 10 ላይ ለመድረስ ብዙ መጠበቅ አያስፈልገውምና። አብዛኞቻችን የምንገምተው ገልብጠን ነው። በዚህ ስሌት ሞላዬ ለእኔ ልክ መሆኑን፣ ከልክ ያለፈው ሣጥኑ መሆኑን ነገረኝ፤ ሣጥኑ ወደ ኮርቻው እንዲጠጋና እንዲቀል፣ ዘወትር ከባድ ጭነት የምይዝ ከሆነ ግን በማጥበቅ ብዛት ፈንታ ጠንካራ ሞላ እንድፈልግ መከረኝ። ሞላው የሚታጠፍበትንና የሚመለስበትን ፍጥነት የሚወስነውን የሾኩን የዘይት ማስተካከያ ደግሞ «ሞላው ልክ ሳይገባ አይነካም» ብሎ እንዳለ ትቶታል፤ እኔም ይህን ጥንቃቄ እጅግ ወድጄዋለሁ።

የጠየቀኝ የመለካትና የማስተካከል ዋጋ ብቻ ነው፤ የኋላውን መገጣጠሚያ በግራሶ ያለሰለሰበትን እንኳ አልጨመረበትም። እጁ ይባረክ። አሁን ኩርባ ላይ የፊት ጎማው መሬቱን ይዞ ይሄዳል።

ስሙና ስልኩ በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቀኝ፣ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ አድራሻውን እሰጣለሁ። ወደ እርሱ የምትሄዱ ሞተራችሁን አጥባችሁ፣ በየቀኑ የምትለብሱትን ለብሳችሁና የምትጭኑትን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለዚያ መልሶ ይልካችኋል።