ከፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና በኋላ፦ ክኒን፣ ፓምፕ ወይስ መርፌ?

ከሕክምናው በኋላ ብልት አልቆም ብሎ መፍትሔ ሊገዙ ካሰቡ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሐኪምዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ነርቮቹ ተርፈዋል?» ብልት እንዲቆም የሚያደርጉት ነርቮች ከፕሮስቴት ዕጢ ግራና ቀኝ ተጠግተው ነው የሚያልፉት። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሲወጣ አንዳንዴ ይተርፋሉ። ካንሰሩ ከተጠጋቸው ግን አብረው ይወጣሉ። የሚገዙትን ነገር በአብዛኛው የሚወስነው ይሄ መልስ ነው።

ሁሉም መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ክኒን ነው። አይፈረድበትም፣ ቀላል ነው። ሲልዴናፊል (ቪያግራ) እና ታዳላፊል (ሲያሊስ) ሥራቸው አንድ ነው፤ ወደ ብልት የሚሄደው ደም እንዲጨምር ያግዛሉ። የሚለያዩት በሰዓት ነው። ሲልዴናፊል ከግንኙነት 1 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ይወሰዳል፣ ቅባት የበዛበት ምግብ ያዘገየዋል፣ ኃይሉም 4 ሰዓት ያህል ነው። ታዳላፊል ከምግብ ጋር ጠብ የለውም፤ እስከ 36 ሰዓት ይሠራል። ሰዓት እየቆጠረ ፍቅር መሥራት ለሚያስጠላው ሰው እኔ ታዳላፊልን እመርጥለታለሁ። ሁለቱም ግን ነርቩን ያግዛሉ እንጂ አይተኩትም። ነርቮቹ በሁለቱም ጎን ከተቆረጡ ብዙ ተስፋ አይጣልባቸውም። ለደረት ሕመም እንደ ናይትሮግሊሰሪን ያለ ናይትሬት የሚወስድ ሰውማ ፈጽሞ አይንካቸው፤ የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል።

ቫክዩም ፓምፕ ነርቭ አይጠይቅም። ብልት የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ አየሩ ሲመጠጥ በደም ይሞላል፣ ከዚያ ሥሩ ላይ ቀለበት ይጠልቃል። ቀለበቱ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። እውነት ለመናገር፣ መጀመሪያ ሲሞክሩት ያስቃል። ብልት ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል፣ ከቀለበቱ ወደ ሰውነት ያለው ክፍል ስለማይጠነክርም ይወላገዳል። ባልና ሚስት አብረው ከሳቁበት ይለመዳል። ተደብቆ የሚሞክረው ሰው ግን ቶሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይወረውረዋል። ሲገዙ የግፊት መገደቢያ ያለውን ይምረጡ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

መርፌ ስሙ ያስፈራል። አልፕሮስታዲል የሚባለው መድኃኒት በቀጭን መርፌ ከብልት ጎን ይወጋል፣ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥም ብልት ይቆማል። ይሄም ነርቭ አይጠብቅም። ከፓምፑ ይልቅ የተፈጥሮውን ይመስላል። እንዲያውም ክኒን እምቢ ላለው ሰው እኔ ከሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው፤ ጥዝጠዛ ቢኖረውም። የመጀመሪያውን መጠን ግን ሐኪም ፊት ነው የሚሞክሩት። በሳምንት ከ3 ጊዜ አይበልጥም፣ በመሃል 24 ሰዓት ያርፋል። ከ4 ሰዓት በኋላም ብልት ካልረገበ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አይሠራም።

በቀዶ ሕክምና ብልት ውስጥ የሚቀበር ሰው ሠራሽ ዘንግም አለ። ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የሚመጣ ነው፤ አንዴ ከገባ ወደ ቀድሞው መመለስ የለም። ፕሮስቴቱ ሲወጣ የተረፉ ነርቮች ለማገገም እስከ 2 ዓመት ሊፈጅባቸው ስለሚችል አይቸኩሉ።

በጨረር የታከመ ሰው ነገሩ ይገለበጥበታል። መጀመሪያ ደህና ይመስላል፣ ችግሩ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል። የሆርሞን ሕክምና ላይ ያለ ሰው ደግሞ የሚጠፋበት ፍላጎቱ ነው። ፓምፑም መርፌውም ብልት ያቆማሉ፣ ፍላጎት ግን አያመጡም።

ፕሮስቴት ከወጣ በኋላ እርካታ ይኖራል፣ ዘር ግን አይፈስም። ይህን «እመልሳለሁ» የሚል ምርት ካዩ ይለፉት። «ተፈጥሯዊ» ተብለው በኢንተርኔት የሚሸጡ የወንድ ኃይል ማሟያዎችንም እንደዚሁ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያልተጻፈ ሲልዴናፊል ተገኝቷል፤ ናይትሬት የሚወስደው ሰው ሳያውቅ የሚውጠው ያንን ነው።