ጓንዡ ላላችሁ ሁሉ፦ መድኃኒት አልሸጥልሽም ብለው ያተረፉኝን እናት ላመስግን

ሰላም ወገኖቼ። ይህን ጽሑፍ ስጀምረው ስተወው ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን ሳልጨርሰው አልተኛም። ረጅም ነው፣ ታገሡኝ።

ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው። ሻኦበይ አካባቢ ዕቃ እየሰበሰብኩ ወደ አገር ቤት እልካለሁ። ደም ግፊት አለብኝ፣ በየቀኑ ኪኒን እወስዳለሁ። አምና መጋቢት ላይ፣ ያ ግድግዳው ሁሉ ላብ የሚያልበው እርጥብ ሰሞን ሲመጣ ወገቤን ያዘኝ። ካርቶን ማንሳት ይቅርና ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር አቃተኝ።

አንዲት የማውቃት ልጅ የቻይና ባህል መድኃኒት የሚሸጥበት ትልቅ ቤት ጠቆመችኝ። ስሙን አልጠራም። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው እጄን ለአንድ ደቂቃ ያህል ዳበሰና «ኩላሊትሽ ደክሟል» አለኝ። ሌላ ሕመም አለብሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ አከፋፈሌን ብቻ ነው። 2,400 ዩዋን ከፍዬ ከረጢት ሙሉ የተቆራረጠ ሥርና ቅርፊት ታቅፌ ወጣሁ። እያፈላሁ ሦስት ሳምንት ጠጣሁ። ወገቤ እንዳለ ነው፣ እግሬ ግን አበጠ። ካልሲዬን ሳወልቅ ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ቦይ ሠርቶ ይቆየኝ ነበር። ራሴን ከማጅራቴ በኩል ይወግረኛል። ተመልሼ ብነግረው «መርዙ እየወጣ ነው፣ መጠኑን ጨምሪ» ብሎ ሁለተኛ ከረጢት ሸጠልኝ! አሁንም ሳስበው ቆሽቴ ያርራል። ሰው አገር ለፍቼ ያገኘሁትን ገንዘብ ወሰደ፣ እሱስ ይሁን፤ በሕይወቴ መጫወቱን ግን መቼም አልረሳውም።

እዚያው ቀን ለደንበኛዬ ቀረፋ ልገዛ ቺንግፒንግ ገበያ ሄድኩ። ሻምየን ደሴት አጠገብ ያለውን፣ ከሩቅ የደረቀ ሥር ሥር የሚሸተውን ገበያ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እብጠቱ አላስገባ ብሎኝ የጫማዬን ተረከዝ ረግጬ ነበር የምሄደው። አንዲት ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ እናት ከሱቃቸው ውስጥ እግሬን አይተው በርጩማ ጎተቱልኝ። አዪ እላቸዋለሁ፣ በቻይንኛ አክስት ማለት ነው። የእኔ ቻይንኛ የዋጋ ክርክር ቻይንኛ ነው፤ የቀረውን በስልኬ ተርጓሚ ተግባባን።

ከረጢቱን አሳየኋቸው። ነጭ ወረቀት ዘርግተው ዘረገፉትና በጣታቸው ጫፍ መለየት ጀመሩ። ቅርፊቱን ወዲህ፣ ሥሩን ወዲያ። በመጨረሻ ቢጫ ቢጫ ያሉ፣ በቀጭኑ የተቀረደዱ ሥሮች ክምር ሆነው ቀሩ። አንዷን ቅምሺ አሉኝ። ትጣፍጣለች፣ እንደ ስኳር ናት። «ጋንፃኦ» አሉና በምልክት ክንዴ ላይ የግፊት መለኪያ እንደሚጠመጠም አድርገው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ኪኒኔን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

ጋንፃኦ ማለት በብዙ የቻይና ቅመማ ውስጥ ትንሽ ትንሽ የምትገባ፣ ሌሎቹን ታስማማለች የምትባል ሥር ናት። ሲበዛና ሲቆይ ግን ውኃ በሰውነት ውስጥ ትይዛለች፣ ግፊት ከፍ ታደርጋለች። ለእኔ ደግሞ በእፍኝ ነበር የተጨመረችው። አዪ በወረቀቱ ላይ ያለውን የእያንዳንዱን ስም በቻይንኛ ጽፈው፣ አጥፈው እጄ ውስጥ ከተቱት። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ፣ ይህን ለሐኪሙ ስጪው» አሉኝ። ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን ያዙት። መቶ ዓይነት መድኃኒት ከኋላቸው በመሳቢያ ተደርድሮ ሳለ፣ አንዱንም ሊሸጡልኝ አልሞከሩም።

ሄድኩ። ግፊቴ 190 ነበር። ፖታሲየም የሚባለው ወርዷል አሉኝ። ሐኪሙ ያንን ወረቀት አንብቦ «ማን ጻፈልሽ?» ብሎ ጠየቀኝና «ጥሩ አድርገዋል» አለ። መጠጣቱን አቆምኩ፣ ታከምኩ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እግሬ ወደ ልኩ ተመለሰ። ወገቤንም እዚያው በስፖርት ሕክምና አስተካከሉልኝ። እኚህን ሴት ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ያኑርልኝ!

ብስኩት ይዤ ላመሰግን ሄድኩ። ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርቴ ሆነ። አዪ ሲያስተምሩ በእጅ ነው። አንድ ቀን ዱጆንግ የሚባል ቅርፊት ሰጥተው ስበሪው አሉኝ። ሰበርኩት፤ ሁለቱ ስባሪዎች ግን አልለያይ አሉ። በመካከላቸው እንደ ሸረሪት ድር ያለ ብርማ ክር ይሳባል፣ እየሳብኩት ይረዝማል። ክሩ ከሌለው ዱጆንግ አይደለም አሉኝ። ያ ጋዋን የለበሰ ሰው በዱጆንግ ስም ከሸጠልኝ ቅርፊት የቀረውን ከቤት አምጥቼ ሰበርኩ። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ጎውቺ የምትባለውን ቀይ ፍሬ ስትገዙ ቅላቱ ዓይን የሚወጋ፣ ስታሸቱት የሚኮመጥጥ ከሆነ በድኝ ታጥኗልና ተዉት። ቸንፒ የመንደሪን ልጣጭ ነው፤ የታወቀው እዚሁ ጓንግዶንግ ውስጥ ሺንኹዪ ከሚባል ቦታ ይመጣል፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቀመጣል። አዪ ከቀይ ባቄላ ጋር ቀቅለው አቅምሰውኛል፤ አሁን ቤቴም እሠራዋለሁ። ሲበርደኝ ዝንጅብል በቡናማ ስኳር፣ ኮምፒውተር ላይ ውዬ ዓይኔ ሲደክም የደረቀ የጁኋ አበባ በሙቅ ውኃ። ይኸው ነው የዕለት ተዕለቱ። መንገድ ላይ በኩባያ የሚሸጠውን ልያንግቻ የሚባል መራራ የዕፅዋት ሻይ ግን በየቀኑ አትጠጪ፣ ውሃ አይደለም ብለውኛል።

የከሲታ ሻይ እያላችሁ ለምትገዙ እህቶቼ ደግሞ ይህን ስሙ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለክብደት መቀነሻ በተሰጠ ቅመማ አንዱ ሥር በስሙ በሚመስለው በሌላ ሥር ተተክቶ ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎድቷል። አዪ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚወራ።

አንድ ቀን ደግሞ አርባ ምንጭ እንዳደግሁ፣ ወባ ስንት ጊዜ እንደጣለኝ አጫወትኳቸው። ተነሥተው ከመሳቢያ ደረቅ ቅጠል አመጡ። ቺንግሃኦ። ሳሸተው የአሪቲ ነገር መጣብኝ፤ ለካ ዘመዳሞች ናቸው። ከጓንዡ በስተምሥራቅ ባለው በሉኦፉ ተራራ የኖረው ጌ ሆንግ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ለትኩሳት አንድ እፍኝ ቺንግሃኦ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ጭማቂውን ጠጡ ብሎ ጽፏል። አፍሉት አላለም። ቱ ዮውዮው የምትባለው ሳይንቲስት ይህን ስታነብ ሙቀቱ ሳያበላሸው አልቀረም ብላ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። እኛ አገር ጤና ጣቢያ የሚሰጡን የወባ ኪኒን፣ ኮአርተም፣ የመጣው ከዚህ ነው። ታናሽ ወንድሜን እናቴ በጀርባዋ አዝላ ጤና ጣቢያ ያደረሰችው፣ በኮአርተም የዳነው ትዝ ብሎኝ እዚያው በርጩማው ላይ አለቀስኩ። አዪ መሐረብ ሰጡኝና ግን ወዲያው ጣታቸውን አወዛወዙ፦ ወባ ሲይዝሽ ይህን ሻይ አድርገሽ እንዳትጠጪ፣ ኪኒኑን ውሰጂ።

ጓንዡ ያላችሁ፣ ለንግድም የምትመላለሱ፣ በሞቴ ሄዳችሁ እዩዋቸው። መግዛት ባትፈልጉ እንኳ የገዛችሁትን ወስዳችሁ አሳዩዋቸው፣ ይለዩላችኋል። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እልክላችኋለሁ። የምትወስዱትን ኪኒን ከነካርቶኑ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት አትሂዱ፣ ያረፉበት ሰዓት ነው። ትንሽ የተቆላ ቡና ብትይዙላቸው ደግሞ ደስታቸውን አትችሉትም፤ የይርጋጨፌውን።