ጉግል አናሊቲክስ ወይስ ማቶሞ፦ ሪፖርታቸውን በኤፒአይ ለሚያወጡ

የድረ ገጽ ጎብኚዎችን ቁጥር በየወሩ እየገለበጡ ኤክሴል ላይ መሙላት የሰለቸው ባለሙያ ፊቱን ወደ ኤፒአይ፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ ወደሚጠይቅበት መንገድ ያዞራል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ጠይቆ ሰንጠረዡን ይሞላለታል። ከጎብኚ መቁጠሪያ አገልግሎቶች ብዙዎች የሚያማርጡት ጉግል አናሊቲክስ 4ን እና ማቶሞን ነው። ሁለቱንም ያለ ክፍያ መጀመር ይቻላል። ልዩነታቸው የሚታየው ጥያቄ መላክ ሲጀመር ነው።

ጉግል ዘንድ ጥያቄውን የሚያዋቅረው ጠያቂው ነው። ዳይሜንሽን የሚባለው ቁጥሩ የሚከፋፈልበት ነገር ነው፤ አገር፣ ገጽ፣ የመሣሪያ ዓይነት። ሜትሪክ ደግሞ የሚቆጠረው ነው። በአንድ ጥያቄ እስከ 9 ዳይሜንሽንና 10 ሜትሪክ ማጣመር ይቻላል። በማቶሞ ግን አስቀድሞ የተሰናዱ ሪፖርቶችን በስማቸው እየጠሩ መውሰድ ነው፤ ማጣሪያው ሴግመንት ይባላል። ለጀማሪ ማቶሞ ይቀላል፤ ብዙ ነገር ለሚያጣምር ግን ጉግል ይሻላል።

ቶክን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በማቶሞ ቶክን መግቢያ ቁልፍ ነው፤ አድራሻው ላይ ከተጻፈ በሰርቨሩ መዝገብ ውስጥ ስለሚቀር በፖስት፣ ማለትም ከአድራሻው ውጭ በጥያቄው አካል ውስጥ መላክ ይገባል። በጉግል የኮታ ሰነድ ውስጥ ግን ቶክን የፍጆታ መለኪያ ነው፤ መደበኛ ፕሮፐርቲ (መረጃው የሚሰበሰብበት የጉግል አናሊቲክስ ክፍል) በቀን 200,000፣ በሰዓት 40,000 ይፈቀድለታል፤ ከባድ ጥያቄ ብዙ ይበላል። በራስ ሰርቨር ላይ የተጫነ ማቶሞን የሚገድበው የማሽኑ አቅም ብቻ ነው።

የመስመር ብዛትም ያታልላል። ካልተነገረው በቀር ጉግል 10,000 መስመር ይመልሳል፤ ማቶሞ በአብዛኛው 100 ብቻ። የስህተት መልእክት ስለማይመጣ ጀማሪው ሁሉም የደረሰው ይመስለዋል። በማቶሞ ሁሉንም ለማግኘት የመስመሩን ብዛት የሚወስነውን፣ ፊልተር ሊሚት የሚባለውን −1 ማድረግ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ሪፖርት ለሚያቀርብ መሥሪያ ቤት ከሁሉም የሚከብደው ሌላ ነው። ሁለቱም የሚያውቁት የጎርጎርዮስን ቀን ነው። የመስከረም 2018 ሪፖርት የሚፈልግ ከ2025-09-11 እስከ 2025-10-10 ብሎ መጠየቅ አለበት። ጉግል ይህን የጊዜ ክልል እንደማንኛውም ተቀብሎ የተጠቃሚዎቹን ቁጥር ይሰጣል። ማቶሞ የጉብኝቶችን ብዛት ይሰጣል እንጂ፣ ለእንዲህ ዓይነት የተመረጠ የጊዜ ክልል ልዩ ጎብኚዎችን (ደጋግሞ ቢመጣም አንዴ ብቻ የሚቆጠረውን ሰው) በተለምዶ አያሰላም፤ በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ እንዲፈቀድ ማድረግ ይጠይቃል። የየቀኑን ልዩ ጎብኚ መደመር ደግሞ መፍትሔ አይሆንም፤ በሦስት ቀን ሦስቴ የመጣ አንድ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። ይህ የተሳሳተ ድምር በሪፖርት ውስጥ ሲገባ ማየት ያሳዝናል።

ማቶሞን የምመርጠው መረጃው በራስ እጅ እንዲቆይ ለሚፈልግ ነው። የጉግል የቀድሞው ዩኒቨርሳል አናሊቲክስ መደበኛ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2023 አዲስ መረጃ መቀበል አቆመ፤ በዓመቱ ኤፒአዩም ተዘጋ፤ ቀድሞ ያላወረደ የዓመታት ታሪኩን አጣ። በራስ ማይኤስኪውኤል (ማቶሞ መረጃውን በሚያስቀምጥበት ዳታቤዝ) ላይ ያለ መረጃ እንዲህ አይነጠቅም። በተጨማሪም ጉግል ጥቂት ተጠቃሚ ያላቸውን መስመሮች ለግላዊነት ሲል ሊደብቅ ይችላል፤ ይህም ትንንሽ ድረ ገጾችን ይጎዳል።

ሰርቨር የሚከታተል፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ ባለሙያ የሌለው ድርጅት ግን በጉግል ይቆይ። ያልወሰነ የሁለቱንም የመቁጠሪያ ኮዶች በአንድ ድረ ገጽ ላይ አብሮ ማስገባት ይችላል፤ የሚቆጥሩበት ዘዴ ስለሚለያይ ቁጥሮቹ እኩል እንዲሆኑ አይጠብቅ።