ለረጅም መንገድ የገዛሁት በረባሶ

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ አንድ ጥንድ በረባሶ ገዛሁ። ዋጋው 140 ብር ነበር። በእሱ ግሽ ዓባይ ሄጃለሁ፣ ደብረ ወርቅ ሄጃለሁ፣ ዘጌ ሄጃለሁ። ዛሬም ከቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሎ አለ። በእግር ሊሳለም የሚነሳ ሰው "ምን ጫማ ይሻለኛል?" ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር የምመልሰውን እዚህ ልጻፈው።

ሰሪው የአሮጌ ጭነት መኪና ጎማ ከፊቱ አጋድሞ በካራ ይሸነሽን ነበር። እግሬን ጎማው ላይ አስረገጠኝና ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረ።

"እህቴ፣ ለቤት ነው ለመንገድ?" አለኝ።

"ለመንገድ ነው። ግሽ ዓባይ ልሄድ ነው።"

"እንግዲያው አንድ ጣት ትርፍ ይኑረው። መንገድ እግር ያሳብጣል" አለና መስመሩን ወደ ውጭ ገፋው።

ያቺ ምክር ብቻዋን 140 ብር ታወጣለች። ምክንያቱም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ልክክ ያለ ጫማ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ለመርጡለ ማርያም ጉዞ ብዬ ከአንድ የከተማ ሱቅ 950 ብር የወጣበት ስኒከር ገዝቼ ነበር። ሻጩ "ኦርጅናል ነው" ብሎ ማለልኝ። ከሞጣ በተነሳን በሁለተኛው ቀን ሶሉ አፉን ከፈተ። በሲባጎ ጠፍሬ ቀጠልኩ። ትንሿ ጣቴ ውሃ ቋጠረች፣ ፈነዳች፣ ቆይቶ ጥፍሯ ጠቁሮ ወደቀ። ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ እቴጌ እሌኒ ካሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አጠገብ ተቀምጬ እግሬን ሳስታምም ዋልኩ። ታቦት ሲወጣ ቆሜ እልል ማለት አልቻልኩም። ያ ዕለት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጫማ ላይ እንዲህ የምብሰለሰልበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አያቴ ዝሆኔ ነበረባት። ልጅ ሆኜ ሁለቱ እግሮቿ ከጉልበቷ በታች አብጠው አስታውሳለሁ። ሰፈሩ "የሞተ እባብ ረግጣ ነው" ይል ነበር። እሷም አምና በየዓመቱ በባዶ እግሯ ጠበል ትወርድ ነበር። እኔ ዛሬ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በእኛ በጎጃም በብዛት የሚታየው ይህ የእግር እብጠት የሚመጣው ከአፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ውስጥ በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ። ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲረግጠው በቆዳው በኩል ይገባሉ። ቆይተውም እግሩን ያሳብጣሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። አያቴ ለመዳን ስትል የምትሄድበት መንገድ ያንኑ አፈር የምትረግጥበት መንገድ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

እናቴ ለእሷ ብላ ግሽ ዓባይ ተስላ ነበር። ጉልበቷን ሲያማት ሳታደርሰው ቀረች። ስለቷን ይዤ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜም አብሮኝ ተነሳ።

ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ ከቲሊሊ ወጣን። ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ለበረባሶው ጥሩ አልነበሩም። ደጋው ይበርዳል፣ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። ማሰሪያው ገና አዲስ ስለሆነ እግሬን ከላይ በኩል ይፈትገኝ ጀመር። ወፍራም የጥጥ ካልሲ አድርጌ አሰርኩት፤ ተሻለኝ። አዲስ በረባሶ ለብሳችሁ በቀጥታ ረጅም መንገድ አትውጡ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ተመላለሱበት። እኔ ሦስት ቀን ብቻ ነበር ያደረግኩት።

ፀሐይ ስትወጣ ግን ሌላ ነገር ሆነ። መንገዱ ጠጠር ይበዛዋል፤ ስኒከር ለብሼ ቢሆን እያንዳንዱ ድንጋይ ውስጥ እግሬን ይቆረቁረኝ ነበር። የጭነት መኪና ጎማ ግን ጠጠር አያውቅም። እሾህም አይበሳውም። ጅረት ሲመጣ ወንድሜ ይቀመጣል፣ ክር ይፈታል፣ ካልሲ ያወልቃል፣ ይሻገራል፣ ያደርቃል፣ መልሶ ያስራል። እኔ ካልሲዬን ኪሴ ከትቼ ዝም ብዬ ማለፍ ነው። ጠጠር ከገባብኝም ቆሜ እግሬን አራግፋለሁ፤ ይወጣል። ትንሽ ነገር ይመስላል። በቀን ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገም ግን ትንሽ አይደለም።

የአዊ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አሸብርቀው አልፈውን ሄዱ። መንገድ ለቀን ቆመን አየናቸው። ገብሱ ታጭዷል፤ ክምሩ በየማሳው ቆሟል። እንዲህ ያለ ቀን ላይ መራመድ ደስታው ሌላ ነው። ሐሳብ እየቀለለ ይሄዳል። የቤት ኪራዩም፣ የፈተናው ወረቀትም፣ ሁሉም ከኋላ ይቀራል። ከዚያ አንድ አይሱዙ ይመጣና በአቧራ ይሸፍናችኋል። አቧራው ሲበርድ መንገድ ዳር የተጣለው የሃይላንድ ጠርሙስ ይታያችኋል። ይህ በጣም ያናድደኛል። ለመሳለም የሄደ ሰው ነው የጣለው። ሴት ስትሆኑ ደግሞ መጸዳጃ ፍለጋ ትልቅ ጭንቀት ነው። ባህር ዛፍ እስኪገኝ ውሃ መጠጣት ያስፈራል። ውሃ ካልጠጡ ደግሞ ራስ ይመታል።

ግሽ ዓባይ ያለባት ሰከላ ሳንገባ መሸብን። አንድ ግቢ በር ላይ ቆመን ወንድሜ "የመሸበት እንግዳ ነን፣ አሳድሩን" አለ። "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ" የሚል የሽማግሌ ድምፅ መጣ። የቤቱ ምራት ውሃ አሞቀችና እግራችንን ልታጥብ ጎንበስ አለች። "ተይ እህቴ፣ እኔ እታጠባለሁ" ብላት እሺ አላለችም። በቀይ አፈር የተለወሰው እግሬ ሳፋው ውስጥ ሲገባ አያቴን አሰብኩ። እንግዳ እግሩን የሚታጠብበት ልማድ ለእግር እንዲህ የሚበጅ መሆኑን ተማሪዎቼ ሁሉ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ሽማግሌው በረባሶዬን አንስተው ገለበጡት። ጣታቸውን ውስጡ አስገብተው ዳበሱት።

"ልጄ፣ ይቺ ሚስማር ነገ ትወጋሻለች" አሉኝ።

አላየኋትም ነበር። ጫፏ ከውስጥ ብቅ ብላለች። ድንጋይ አምጥተው ቀጥቅጠው አስተኟት። የዚህ ጫማ ዋናው ችግር ይኸው ነው። ማሰሪያውን የያዙት ሚስማሮች ጎማው በተጣጠፈ ቁጥር ይነቃነቃሉ። አመሻሽ ላይ እጃችሁን ከትታችሁ ሳትዳብሱ አትተኙ።

በማግስቱ፣ ጥር 13፣ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል ነው። እህል ሳንቀምስ ማልደን ገባን፤ የበላ ሰው ወደ ምንጩ አይቀርብም። ጫማ የሚወልቀው ራቅ ብሎ ነው። እዚህ ላይ በረባሶ ተወዳዳሪ የለውም። ወንድሜ ክሩን እስኪፈታ ሰልፉ አለፈን። ግን ደግሞ የጫማው ክምር የበረባሶና ኮንጎ የሚባለው የፕላስቲክ ጫማ ተራራ ነው፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ወንድሜ ቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር ማሰሪያዬ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ባይሆን ኖሮ የሰው ጫማ አድርጌ ነበር የምመለሰው።

ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ ዘርዓ ብሩክ በወታደሮች ተይዘው ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጡት። ከዓመታት እስር በኋላ ተመልሰው "ግሽ" ቢሉት ወንዙ መጻሕፍቱን ሳያርስ መለሰላቸው። ስሙ ከዚያ ወዲህ ግሽ ዓባይ ሆነ ይባላል። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚሁ ቦታ መጥተው አይተውታል። ብሩስም ወደ ምንጩ ሲወርድ ጫማውን አውልቆ እንደነበር ራሱ ጽፏል።

ምንጩ ትንሽ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ጀሪካን የተሰለፈው ለእሱ ነው። ከዚያ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል፣ ባህር ዳር ላይ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ባዶ እግሬን እርጥቡ ሣር ላይ አድርጌ የእናቴን ስለት አደረስኩ። እግሬ አላመመኝም ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። የመርጡለ ማርያሙ ቁጭት እዚያ ላይ ቀለለኝ።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ብጽፍ ይህ ግምገማ ውሸት ይሆናል። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፍልሰታን ደብረ ወርቅ ለመያዝ ከብቸና በእግር ተነሳሁ። በረባሶውን አምኜ ነው። ትልቅ ስህተት ነበር። የዚያ አገር አፈር ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ የሚደርቀው ጥቁር አፈር በክረምት እንደ ሊጥ ይሆናል። በየእርምጃው ጭቃው ከጎማው ሥር እየተደራረበ እግሬን ከበደኝ። ዱላ ይዤ እየቆምኩ እፍቃለሁ፤ አሥር እርምጃ ሳልሄድ ያው ነው። እግሬ ከውስጥ እየተንሸራተተ ከጫማው ይወጣል። ከቀትር በኋላ የግራው ማሰሪያ ከነሚስማሩ ተነቅሎ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ጎንበስ ብዬ በእጄ ፈልጌ አወጣሁት። ያን ሁሉ የነገርኳችሁ ሰው እኔ ሆኜ በአንድ ባዶ እግር ሄድኩ። ዝናቡ አላባራም። አንዲት እማሆይ ቀድመውኝ ሲያልፉ አየሁ። ያደረጉት ኮንጎ ነው። "አይዞሽ ልጄ፣ ደርሰናል" አሉኝ። አልደረስንም ነበር። ግን ያቺ ቃል አደረሰችኝ። ለክረምት መንገድ የላስቲክ ቡት ጫማ ግዙ። ከሌለም ኮንጎ ይሻላል። ኮንጎ እግር ያልባል፣ ተረከዝ ይበላል፤ ቢሆንም ዋልካ አይነቅለውም። እርጥብ አለት ላይም በረባሶን አትመኑት፤ ጎማው ያረጀ ስለሆነ ያንሸራትታል።

ማሰሪያውን 20 ብር ከፍዬ አስቀየርኩት። አዲሱ ከመጀመሪያው በረታ።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. ከባህር ዳር ወደ ዘጌ ሄድኩበት። ብዙ ሰው በጀልባ ነው የሚሄደው። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ እኔ በየብስ መረጥኩ። የኪዳነ ምሕረት በዓል የካቲት 16 ነው፤ በዚያ ዓመት ሁዳዴ የገባውም በዚያው ዕለት ነበር። ዘጌ በበሬ አይታረስም፤ ሕዝቡ የሚኖረው በቡናውና በጌሾው ነው። ስለዚህ ደኑ እንዳለ አለ። ጥላው ውስጥ ስትገቡ መሬቱ በቅጠል የተነጠፈ ነው። ለበረባሶ የተሠራ መንገድ ይመስላል። ሥሮቹን ስረግጥ አያንሸራትተኝም፣ እግሬ አየር ያገኛል፣ ላብ የለም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ስደርስ ድካም አልተሰማኝም። የቡና አበባ ሽታ አለ ብለው የነገሩኝን ፈልጌ አጣሁት፤ ጊዜው አልነበረም።

ነጥብ ስጪው ካላችሁኝ ለበጋ መንገድ ከአሥር ስምንት እሰጠዋለሁ። ለክረምት ሁለት። ክብደቱን የሰፈር ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጬ አይቻለሁ፤ ጥንዱ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ነው። የመጀመሪያው ቀን ማታ ጭን ላይ ይሰማችኋል፤ በሁለተኛው ቀን ትለምዱታላችሁ። ጎማው ሲሞቅ ተረከዝ ላይ ጥቁር ይለቃል፤ በሳሙና ተፈትጎ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ግን ክፍት ጫማ መሆኑን አትርሱ። ከሥር ይከላከላል እንጂ አቧራው ከላይ መግባቱ አይቀርም። ቀይ አፈር ባለበት አገር ስትሄዱ ማታ ማታ እግራችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በጣቶቻችሁ መካከል ሳይቀር። ከዚያ አድርቁና ቫዝሊን ቀቡት። አንድ ሳሙና ከበሶው ጋር ያዙ።

ባለፈው ገበያ ስጠይቅ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ቢሆንም የእኔው ሶል ጥርሱ አሁንም አልጠፋም። ስትገዙ የጭነት መኪና ጎማ መሆኑን ጠይቁ፤ የትንሽ መኪናው ስስ ነው፣ ቶሎ ይጎብጣል። ማሰሪያውንም እዩት። ጎማውን በስቶ፣ በሥር ዞሮ የተመለሰ መሆን አለበት። ከጎን በሚስማር ብቻ ካጠበቀላችሁ አትቀበሉት፤ "ቀዳደህ አሳልፈው" በሉት። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጅበት።