ጅማ ላይ ሥጋ በል ተክል ሊገዙ ነው? ከአራቱ የትኛው ይሻላል

ሥጋ በል ተክል ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ቪዲዮ ላይ ዝንብ ላይ ጥርቅም ብሎ ወደሚዘጋው ቬነስ ፍላይትራፕ ነው። ጅማ ለሚኖር ሰው ግን እሱን በመጀመሪያ ተክልነት አልመክርም። እዚህ ኬፕ ሰንዲው፣ ኔፔንተስና ፒንጉኩላ ከሚባሉ ሌሎች ሦስት ሥጋ በል ተክሎች ጋር አወዳድረዋለሁ፤ ምርጫውን የሚወስነው ወጥመዱ ሳይሆን አየሩ ነው።

ውሃና አፈርን በተመለከተ አራቱም ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። የተፈጥሮ ቦታቸው ንጥረ ነገር ያጣ መሬት ስለሆነ በቧንቧና በምንጭ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን እየተጠራቀመ ሥሮቻቸውን ይጎዳል። የታሸገ ውሃም ማዕድን አለበት። የሚስማማቸው የዝናብ ውሃ ነው፤ በዚህ ረገድ ጅማ ታድላለች። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ይህ ማለት አንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ብቻ 1,500 ሊትር ያህል ይቀበላል። ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይጠርግ፤ ከዚያ በኋላ ከአሸንዳው ያጠራቅሙ። ከማሰሮው ሥር የሚቀመጥ አንድ የውሃ ሰሃን በቀን ግማሽ ሊትር ቢጠጣ እንኳ ለአራት ወር በጋ 60 ሊትር ይበቃዋል፤ ክዳን ያለው አንድ በርሜል ተርፎም ይተርፋል።

ቡናውን የሚያበቅለው ለም ቀይ አፈራችን ግን ለእነዚህ መርዝ ነው። ፍግ፣ የቡና ገለባ ኮምፖስትና ማዳበሪያም እንደዚያው። ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የሞስ ብስባሽ) ከፐርላይት (አፈር ከሚያላላ ቀላል ነጭ ድንጋይ) ወይም በደንብ ከታጠበ የሲሊካ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ይሠራል።

ቬነስ ፍላይትራፕ የሰሜንና የደቡብ ካሮላይና ተወላጅ ነው። እዚያ ከኅዳር እስከ የካቲት ብርዱ ይጠነክራል፣ ቀኑም ያጥራል፤ ተክሉ ከሦስት እስከ አራት ወር ይተኛል። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ብትሆንም ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። የታኅሣሥ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀኑ ይሞቃል፤ የብርሃኑም ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥ። ተክሉ የመኝታ ጊዜው መድረሱን በምን ይወቅ? መጀመሪያ ደህና ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ቅጠሉ እያነሰ፣ ወጥመዱ እየፈዘዘ ይሄዳል። መላ አለው፤ ሥሩን አጥቦ በእርጥብ ስፋግነም ሞስ (ውሃ በሚይዝ የረግረግ ሞስ) መጠቅለልና በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ወር ማቆየት ነው። ሻጋታ እንዳይዘውም በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል። ሥጋ በል ተክል ከሥጋው ጎን ሲከርም የቤቱ እመቤት ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ወጥመዱ የሚዘጋው ዝንቧ ውስጡ ያሉትን ፀጉሮች በ20 ሴኮንድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስትነካ ነው። አንዱ ወጥመድ ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ ስለሚሞት ልጆች በስንጥር እየነካኩ ካስዘጉት ተክሉ በከንቱ ይደክማል። ቁርጥ ሥጋ ማጉረስም አይገባም፤ ይበሰብሳል። ባይበላስ? ብርሃን እስካገኘ ድረስ ለወራት ይጾማል።

ኬፕ ሰንዲው ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሻጮች ድሮሴራ ካፔንሲስ ብለው ይጽፉታል። የኔ ምርጫ እሱ ነው። መኝታ አይፈልግም፤ የጅማ ቀንና ሌሊት ይስማማዋል፤ ማሰሮውን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር የዝናብ ውሃ የያዘ ሰሃን ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ቅጠሉ ላይ የሚያብረቀርቁት የሙጫ ጠብታዎች ናቸው፤ ትንኝ ሲጣበቅ ቅጠሉ ቀስ ብሎ ይጠቀለልበታል። ከፍላይትራፕ ጋር ሲነጻጸር ትርኢቱ ዘገምተኛ ነው፣ ግን ሙዝ የሚከቡትን ጥቃቅን ዝንቦች በመያዝ የሚበልጠው እሱ ነው። ጠብታው ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት ያዛውሩት። አንድ ጠባይ አለው፦ ራሱን አዳቅሎ ዘሩን ይበትንና የጎረቤት ማሰሮ ሁሉ ይወርራል። ስለዚህ የአበባውን ዘንግ ቀድመው ይቁረጡ፤ ትርፉን ቦዬ ረግረግ ወስዶ መጣል ደግሞ በፍጹም አይገባም።

ኔፔንተስ ለውበት የሚወዳደረው የለም፤ ከቅጠሉ ጫፍ ፈሳሽ የያዘ ገንቦ ያንጠለጥላል፣ በብዛት የሚገባበትም ጉንዳን ነው። ዝርያው ብዙ ስለሆነ ስም ጠይቀው ይግዙ። ቆላ የለመዱት የጅማን ሌሊት አይወዱም፤ ቬንትራታ የሚባለው የፊሊፒንስ ዲቃላ ግን ቻይ ነው። ውሃ ላይ አይቀመጥም፤ ላላ ባለ አፈር ተተክሎ በረንዳ ላይ ከጥላ ሥር ይሰቀላል፣ ከላይ እየጠጣም ውሃው ይወርድለታል። በክረምት ያምርበታል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አየሩ ሲደርቅ ገንቦዎቹ ከአፋቸው ይደርቃሉ፤ ተክሉ ሞተ ብለው አይጣሉት። ሐረግ ስለሆነ እያደር ቦታ ይፈልጋል።

የሜክሲኮ ፒንጉኩላ ውሃ ማጠጣት ለሚረሳ ሰው ነው። ደረቅ ወቅትን ለምዶታል፤ በበጋችን ውሃውን ቀንሰው ቢተዉት ቅጠሉን አሳጥሮ ያሳልፋል። ትንሽ ነው፣ የሚይዘውም ትንኝ ብቻ።

ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ ወረቀቱን ከዋጋው በፊት ይጠይቁ። ፍላይትራፕና አብዛኛው ኔፔንተስ በሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው) ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ስለሆነች ተክሉ ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ያስፈልገዋል። የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ደግሞ ለአራቱም ይጠየቃል። ሰንዲው ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ በዘርም በቀላሉ ይባዛል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነውና አፈር አያልብሱት፤ እርጥብ ፒት ሞስ ላይ በትነው፣ በላስቲክ ሸፍነው፣ ብርሃን ላይ ያስቀምጡት፤ ውሃውን ከላይ ሳይሆን ከሥር በሰሃኑ ይስጡት።